የካይት ቦርዴ ሃብ ተሰበረ፦ ተተኪ የመምረጥ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ዛሬ ወደቅሁ። ደህና ነኝ። ክርኔ ተልጧል፣ ዳሌዬ ነገ እንደሚጠቁር ከአሁኑ ያስታውቃል። ጎማዬ ግን ከእኔ የባሰ ተጎድቷል።

ለማያውቅ ሰው፦ ማውንቴንቦርድ ረዘም ያለ ስኬትቦርድ ነው። አራት በአየር የሚነፉ ጎማዎችና የእግር ማሰሪያ አለው። ኮሎራዶ ያለው ኤምቢኤስ የሚባል ኩባንያ ከእ.ኤ.አ. 1993 ጀምሮ ይሠራዋል። ዓላማው በረዶ በሌለበት ጊዜ ተራራ መውረድ ነበር። እኔ ግን ተራራ አልወርድበትም፣ ካይት ነው የሚጎትተኝ፣ በገመድ የሚያዝ ትልቅ የነፋስ ሸራ። ሌሊት ታክሲ ስነዳ የቆየ ወገብ ጠዋት በነፋስ መጎተቱ ደስ ይለዋል።

ቦታው አይቫንፓ ነው። ከላስ ቬጋስ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲኬድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ፕሪም አጠገብ ያለ የደረቀ ሐይቅ። ምጣድ የመሰለ ሜዳ ነው። ሪቻርድ ጄንኪንስ የሚባል እንግሊዛዊ በእ.ኤ.አ. 2009 በነፋስ ብቻ በሚሄድ ተሽከርካሪ በሰዓት 202.9 ኪሎ ሜትር የሮጠው እዚሁ ነው። ክብረ ወሰኑን በእ.ኤ.አ. 2022 አውስትራሊያ ላይ ወሰዱበት። እኔ ዛሬ ስልኬ እንደሚለው 50 ላይ ነበርኩ።

መጀመሪያ ከኋላ በኩል ጩኸት ሰማሁ። ቆርቆሮ በድንጋይ የሚፋቅ ዓይነት። ነፋስ ነው ብዬ ናቅሁት። ትንሽ ቆይቶ የተረከዜ በኩል የኋላ ጎማ ወደ ውስጥ ዘመም አለ። ከዚያ ቀው! ሰሌዳው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እኔ ቀጠልኩ። የካይቱን መልቀቂያ የሳብኩት መሬት ላይ እየተንሸራተትኩ ነው።

ሃቡ ለሁለት ተሰንጥቋል። ሃብ የምለው ጎማው የሚቀመጥበትን ቸርኬ ከነመሃሉ ነው። በማውንቴንቦርድ ሁለቱ አንድ ዕቃ ናቸው። የእኔው ፕላስቲክ ነው፣ በብሎን የሚገጣጠሙ ሁለት ግማሾች።

ሰሌዳውን ተሸክሜ ወደ መኪናው ስመለስ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄድኩ። በሆዴ ስሰድበው የነበረው ፕላስቲኩን ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ዛሬ ጠዋት ከሥራ ገብቼ ሳልተኛ ኢንተርኔት ላይ አልሙኒየም ሃብ ስፈልግ ዋልኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ፕላስቲክ ተሰበረ፣ ስለዚህ ብረት እንገዛለን። አራት ወደ ቅርጫቱ ከተትኩ። ድምሩን ሳይ ቅርጫቱን ዘጋሁት። ዋጋው ከፕላስቲኩ ከእጥፍ በላይ ነው፣ ለዚያውም ማጓጓዣው ሳይታሰብ።

አንድ ስሌት ልጻፍ፣ በኋላ ያስፈልገኛል። ጎማዬ 8 ኢንች ነው፣ ማለትም 20 ሴንቲ ሜትር። አንዴ ሲዞር 63 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 14 ሜትር እሄዳለሁ። እንግዲህ ጎማው በየሰከንዱ 22 ጊዜ ይዞራል። የብስክሌት ጎማ በዚሁ ፍጥነት ሰባት ጊዜ እንኳ አይሞላም። ትንሽ ጎማ ብዙ ይለፋል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

የተሰበረውን ሃብ ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ዘመዴ አይደሉም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተዋል። አሁን ጡረታ ወጥተው ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። የመኪና ማቆሚያዋን ወርክሾፕ አድርገውባታል፣ እሷም ተስፋ ቆርጣለች።

ሰሌዳውን ሲያዩ ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜህ የኩሽኔታ መኪና ትነዳለህ?»

እውነታቸውን ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሣንቃ ላይ አሮጌ ኩሽኔታ ቸንክረን ቁልቁለት የምንወርድበት መኪና ነበረን። ጎማ የለው፣ ፍሬን የለው። ኩሽኔታው ራሱ ጎማ ነው። አስፋልቱ ላይ ሲጮህ ሰፈር ሙሉ ይሰማል። ቅዳሜ የሰማሁት ድምፅ ለምን አዲስ እንዳልሆነብኝ አሁን ገባኝ።

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና ስብርባሪውን አገላበጡ። እኔ ስለ ፕላስቲክና ስለ አልሙኒየም እያወራሁ ነው፣ አልሰሙኝም። ከዚያ «የተሰበረው የት ጋ ነው?» አሉ።

ለካ አላየሁትም! ሳምንት ሙሉ ሃቡ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ስንጥቁ ከየት እንደጀመረ አልተመለከትኩም። ጎማው የሚቀመጥበት ጠርዝ ደህና ነው። አምስቱ ክንዶች ደህና ናቸው። ስንጥቁ የተነሣው ከመሃል፣ ኩሽኔታው ከሚገባበት ጎድጓዳ ነው። ጎድጓዳው ክብ መሆን ሲገባው እንቁላል መስሏል። ግድግዳው ልሟል፣ ጠርዙ ላይ ቡናማ ዱቄት አለ።

«ኩሽኔታዎቹ መሃል ምን ነበረ?»

ዝም አልኩ። ምን እንደነበረ አውቃለሁ። ትንሽ ቱቦ፣ ስፔሰር የሚሏት። ባለፈው ዓመት ኩሽኔታ ስቀይር አንዷ ጠፋችብኝ። ያለሷም ጎማው ስለዞረ ተውኳት።

ጋሼ ተናደዱ፣ ግን የሚናደዱት በቀስታ ነው። ስዕል ሣሉልኝ። ኩሽኔታ ሁለት ቀለበት አለው፣ የውጭና የውስጥ፣ መሃላቸው ብዮች። የውጩ ሃቡ ውስጥ ተቸንክሯል፣ የውስጡ አክስሉ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) ላይ ይቀመጣል። በአንድ ጎማ ሁለት ኩሽኔታ አለ። ዳዶውን ሳጠብቅ የውስጥ ቀለበቶቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። መሃላቸው ቱቦዋ ካለች ግፊቱን እሷ ትሸከማለች። ከሌለች ግን ቀለበቶቹ ወደ ውስጥ ይሳባሉ፣ ብዮቹም ከመንገዳቸው ወጥተው ጎን ጎኑን ይፍቃሉ። በሰከንድ 22 ጊዜ! ኩሽኔታው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ጎድጓዳው ይሰፋል፣ ኩሽኔታው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የቀረው ጊዜ ብቻ ነው።

«አልሙኒየም ብትገዛም ይችን ቱቦ ካላስገባህ ኩሽኔታ ትፈጃለህ» አሉኝ። ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 14

ጥፋቱ የቱቦዋ ነው ብዬ ነገሩን ልዘጋው ነበር። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሌሎቹን ሦስት ጎማዎች ፈታሁ። ሦስቱም ቱቦ አላቸው። የኋለኛው ሁለተኛ ጎማ ጎድጓዳ ግን ትንሽ ላልቷል፣ ኩሽኔታው በጣት ሲገፋ ይወጣል። የፊቶቹ ጥብቅ ናቸው። ስለዚህ የቱቦዋ መጥፋት አፋጠነው እንጂ ብቻውን አልገደለውም።

ተራራ የሚወርድ ሰው ክብደቱ ወደ ታች ነው የሚጫነው። ካይት ግን በጎን ይጎትታል። እኔ ወደ ኋላ ተጋድሜ እመልሳለሁ፣ ጎማው መሬቱን በጎን ይገፋል። ምን ያህል?

ሻንጣ ሚዛኔን አወጣሁ። መቼም ሐበሻ ቤት ሻንጣ ሚዛን አይጠፋም። ገመድ በረንዳው ምሰሶ ላይ አሰርኩ፣ ሚዛኑን መሃል አደረግሁ፣ ሰሌዳው ላይ ቆሜ ካይት ስነዳ በምጋደመው ልክ ተጋደምኩ። እህቴ ንባቡን ጮክ ብላ አነበበችልኝ። 38፣ 41፣ 40። ጎረቤታችን ውሻውን ይዞ ሲያልፍ አየን፣ ሰላም ብሎን አለፈ።

40 ኪሎ እንበል። ግማሹ ከኋላ ባለው የተረከዝ ጎማ ላይ ያርፋል ብለን እንያዝ፣ 20 ኪሎ። ይህ ግፊት የሚመጣው ከጎማው ታች ነው፣ ከአክስሉ 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ። ጎማውን እንደ ማንሻ ሊያዘምመው ይፈልጋል። የሚከለክሉት ሁለቱ ኩሽኔታዎች ናቸው። በእኔ ሃብ ውስጥ ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው። 20 በ10፣ ሲካፈል ለ2.5። እያንዳንዱ ኩሽኔታ ጎድጓዳውን በ80 ኪሎ ይገፋል፣ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች። ይህ ለስላሳ ሜዳ ላይ ነው፣ ጉድጓድና ዝላይ ሳይጨመር።

ርቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆንስ? 50 ኪሎ ይሆናል።

ሌሊት ተሳፋሪ ስጠብቅ ይህቺን ስሌት ደጋግሜ ሠራኋት፣ ትክክል ናት። ሳምንት ሙሉ የጠየቅሁት ጥያቄ የተሳሳተ ነበር። ከምን ተሠራ ብቻ ሳይሆን፣ ኩሽኔታዎቹ ምን ያህል ተራርቀዋል? ጎድጓዳው ምን ያህል ጥልቅ ነው?

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ሻጮች ይህን ቁጥር አይጽፉም። ቀለም ይጽፋሉ። ክብደት ይጽፋሉ። ለሦስት ቦታ ጻፍኩ። ሁለቱ ዝም አሉ። አንዱ ስዕሉን ከነልኩ ላከልኝ። እሱን እገዛለሁ፣ ለመልሱ ስል እንኳ።

እስካሁን የደረስኩበትን ላስቀምጥ። ፕላስቲክ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የመስታወት ክር የተቀላቀለበት ናይለን ነው። ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ሲመታ ትንሽ ተጣጥፎ ይመለሳል። ለሚዘል ሰው ቀላልነቱ ትልቅ ነገር ነው፣ ሰሌዳው እግር ላይ ታስሮ አየር ላይ ይወጣልና። ድክመቱ ጎድጓዳው ነው። ሙቀትና የጎን ግፊት ሲደጋገምበት ይሰፋል፣ የሰፋ ደግሞ አይመለስም።

አልሙኒየሙ ጎድጓዳውን አጥብቆ ይይዛል፣ ሙቀቱንም ያስወጣል። ግን ሲመታ ይጎብጣል፣ ከጎበጠ ጎበጠ ነው። ይከብዳል። የአይቫንፓ አቧራ ደግሞ ጨው አለበት። ጨው፣ እርጥበትና የብረት ብሎን ከአልሙኒየም ጋር ሲገናኙ አልሙኒየሙን ይበሉታል።

ውሳኔ፦ ሁለት አልሙኒየም ለኋላ፣ በኩሽኔታዎቹ መሃል 4 ሴንቲ ሜትር ያለው። ለፊት ሁለት አዲስ ፕላስቲክ። አራቱንም አልሙኒየም ማድረግ ገንዘብ ማባከን ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

ዕቃው መጣ። ኩሽኔታው አይገባም።

ሃቡ ውስጥ ልክክ ይላል፣ 28 ሚሊ ሜትር ነው። አክስሉ ላይ ግን ይንቀዋለላል። የማውንቴንቦርድ አክስል ሁለት ዓይነት ውፍረት በብዛት አለው። አንዱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። አሮጌው ደግሞ የኢንች ሦስት ስምንተኛ፣ ማለትም 9.5 ሚሊ ሜትር ያህል። የእኔ አሮጌው ነው። ያዘዝኩት ግን ባለ 12ቱን፣ 6001 የሚባለውን። የውጩ ልክ አንድ ስለሆነ ሃቡ ለሁለቱም ይሆናል፣ የሚለየው ኩሽኔታው ብቻ ነው። ልክ ሳልለካ ማዘዜ የራሴ ጥፋት ነው። ባለ 9.5 ኩሽኔታ እንደገና አዘዝኩ፣ ሁለቱም በኩል ጎማ ክዳን ያለውን። ለዚህ አቧራ ክፍት ኩሽኔታ አይታሰብም።

እስኪመጣ አንድ ሥራ አለኝ። ናይለን ውሃ ይጠጣል። ውሃ የጠጣ ናይለን ደረቅ ከሆነው ይልቅ ይለምጣል፣ ቶሎ አይሰበርም። እዚህ በረሃ ውስጥ አየሩ ራሱ ውሃ ስለሌለው አዲሶቹ ሃቦች ክርር ያሉ ናቸው። በሪሞት የሚሄድ አሻንጉሊት መኪና የሚነዱ ሰዎች የናይለን ዕቃቸውን ቀቅለው ነው የሚገጥሙት። እኔም ቀቀልኩ። አንድ ሰዓት።

ችግሩ ድስቱ ነበር። ቤታችን ውስጥ ሁለት ሃብ የሚይዝ ድስት አንድ ብቻ ነው። እህቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ክዳኑን ከፈተች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሃብ።»

«በሽሮ ድስቴ? በጾም?»

አዲስ ድስት ገዝቻለሁ። አሮጌው የወርክሾፕ ንብረት ሆኗል። በኩሽና ሚዛን እንዳየሁት እያንዳንዱ ሃብ ሁለት ግራም ከብዷል። ሁለት ግራም ውሃ ለአንድ ድስት ዋጋ። ይሁን።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

ነገ ሆሣዕና ነው፣ ዛሬ ግን ቀኑን ሙሉ ጋሼ ዘንድ ነበርኩ። ሁሉም ተገጠመ።

የአልሙኒየሙን ሃብ በፀጉር ማድረቂያ አሞቅን፣ ኩሽኔታዎቹ ሌሊቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ አድረዋል። የሞቀው ይሰፋል፣ የቀዘቀዘው ይጠባል። ያለ መዶሻ፣ በአውራ ጣት ገባ። ጋሼ የውጩን ቀለበት ብቻ እንድገፋ አስጠነቀቁኝ። በውስጡ ከተገፋ ግፊቱ በብዮቹ በኩል ያልፋል፣ ኩሽኔታው ሳይሠራ ይበላሻል።

ቱቦዎቹን እዚያው ሠራን፣ ለሰፊው ሃብ የሚሆን ርዝመት ያለው ስላላገኘሁ። ጋሼ የብረት ቧንቧ በመጋዝ ቆርጠው በሞረድ አስተካከሉ። ልኩ የሚወሰደው ሁለቱ ኩሽኔታዎች ቦታቸው ላይ ተቀምጠው በውስጥ ቀለበቶቻቸው መካከል ካለው ርቀት ነው። ፀጉር ታህል ብትረዝም ችግር የለውም። ካጠረች ግን ያው የድሮው በሽታ ነው። የመጀመሪያዋን እኔ ሞረድኩ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር አሳጠርኳት። «አንተ ሻይ አፍላ» ተባልኩ።

ከገጠምን በኋላ፣ ዳዶው እንዳይላላ ውስጡ ካለው የናይለን ቀለበት አልፎ የቀረው የአክስል ጥርስ ሁለት ዙር ብቻ ነው። ይበቃል፣ ግን ለጥቂት ነው። ሰፊ ሃብ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ አክስሉን ይለካ።

ካላማዳሪያው (አየር የሚነፋበት የውስጥ ጎማ) ላይ አንዴ ተሸወድኩ። ሁለቱን ግማሾች ስገጥም መሃላቸው ተቆንጥጦ ቀረና ስነፋው ፈነዳ። መፍትሔው ከመግጠም በፊት ትንሽ መንፋት ነው፣ ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ። ብሎኖቹ ደግሞ እንደ መኪና ጎማ ፊት ለፊት እየተዘለሉ ይጠብቃሉ፣ በተራ አይደለም። በተራ ከጠበቁ አንዱ ጎን ቀድሞ ይዘጋና ሃቡ ይወላገዳል። ብሎኖቹ አልሙኒየሙን በሚነኩበት ቦታ ሁሉ ግሪስ ቀባን፣ ለጨዉ።

የመጨረሻው ፈተና ቀላል ነበር። ጎማውን በእጅ አዙሮ ማየት። አሮጌው ሁለት ሦስት ዙር ሄዶ ይቆም ነበር። ይኼኛው ሲዞር ጋሼ ሻያቸውን ጨረሱ። ዳዶውን የበለጠ አጠበቅሁት፣ አሁንም ያው ይዞራል። ቱቦዋ ሥራ ላይ ናት ማለት ነው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 17

ሕማማትና ፋሲካ መሃል ገቡ፣ ነፋሱም አላመቸም። ዛሬ ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፣ የ6 ካሬ ሜትሩን ካይት አወጣሁ።

የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በዝግታ ሄድኩ። በየአሥር ደቂቃው ቆሜ የሃቡን መሃል በእጄ ነካሁ። ፀሐይ ካሞቀው የበለጠ አይሞቅም። ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ነቀነቅሁ፣ አይነቃነቅም። ከዚያ ለቀቅሁት። ስልኩ 54 አሳየ። ከኋላ ድምፅ የለም፣ የካይቱ ገመድ ብቻ ያፏጫል።

የአልሙኒየሙ ክብደት ይታወቃል። በተለይ ስዘል ጅራቱ ወደ ታች ይስባል። ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ግን ጭራሽ ወድጄዋለሁ፣ ሰሌዳው ከኋላ ረጋ ብሏል። ዝላይ ለሚበዛው ሰው ይህን ምርጫ አልመክርም። ጎድጓዳው ጥልቅ፣ ኩሽኔታዎቹ የተራራቁበት ፕላስቲክ ይፈልግ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

ጎማዎቹን ፈትቼ አየሁ። የግራው የኋላ አልሙኒየም ጠርዝ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ጉብጥ አለች። ትናንት ሐይቁ ዳር ያለውን ጠጠር ስሻገር መሆን አለበት። ፕላስቲክ ቢሆን ምልክት አይተውም ነበር። በፒንሳ ላቃናት አስቤ ተውኩት፣ አየር አታስወጣም።

አንዱ ብሎን ሥር ነጭ ዱቄት ጀምሯል። ግሪሱ ያልደረሰበት ብሎን ነው። አጽድቼ ቀባሁት። ከእንግዲህ ሁልጊዜ ቤት ስደርስ በደረቅ ብሩሽ እጠርጋለሁ፣ በውሃ አላጥብም። ውሃው ጨዉን ወደ ኩሽኔታው ነው የሚነዳው።

የፊቶቹ ፕላስቲኮች ምንም አልሆኑም። ጎድጓዳቸውን በካሊፐር ለካሁ፣ 28 ሚሊ ሜትር፣ ክብ። መቀቀሉ ጠቅሟቸው ይሁን አይሁን መናገር አልችልም፣ ድስቱን ግን ላለማስከፋት ጠቅሟል እላለሁ።

እህቴ ዛሬ መኪናዬን ስታጸዳ የሳንቲም ማስቀመጫው ውስጥ አንዲት ትንሽ ቱቦ አገኘች። «ይኼ የምንድን ነው?» ብላ አመጣችልኝ። ያች የጠፋችው ናት። ዓመት ሙሉ ከሩብ ዶላሮች ጋር ቬጋስን ስትዞር ኖራለች። ለአዲሱ ሃብ አትሆንም፣ ታጥራለች። ለጋሼ አሳየኋቸው፣ በሞረድ ሳጥናቸው ውስጥ ወረወሯት።

የቀረ ሥራ፦ መለዋወጫ ካላማዳሪያ ሁለት፣ ባለ 9.5 ኩሽኔታ አራት። ቀጣይ ፍተሻ ከአሥር ሰዓት ጉዞ በኋላ።